የተጻፈን ሰው መሣል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ልብ ወለድ ውስጥ በቃላት የተገለጸን ሰው ወረቀት ላይ ማምጣት። የመጀመሪያው ጠያቂ የሚሠሩበትን አንቀጽ አብረው ስለላኩልን መልሱን ሰፋ አድርገነዋል፤ ሌሎቹን እንደየክብደታቸው አስተናግደናል።

ጥያቄ፦ አንድ ወዳጄ የጻፈውን ልብ ወለድ በሥዕል እንዳጅብለት ጠይቆኛል። መሣሉ ራሱ ብዙም አይቸግረኝም፤ ግን አንቀጹን አንብቤ የምሠራው ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል። ከየት ልጀምር? የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርማ ጭራሽ አልሣል ብሎኛል። አንቀጹ ይኸውላችሁ፦

«ሰዓት ሠሪው ከወንበሩ ሳይነሳ ቀና አለ። ስድሳን የተሻገረ ከሲታ ሰው ነው። ቀኝ ዓይኑ ከግራው ጠበብ ይላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ማጉያ መነጽር ሲይዝበት የኖረ ዓይን። ኮቱ ለእሱ የተሰፋ አይመስልም፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፎም አንጓው ድረስ ይመጣል። ጣቶቹ ግን የሌላ ሰው ናቸው፤ ረጃጅም፣ ለስላሳ፣ የወጣት ጣቶች። ሲስቅ ፊቱ ሁሉ ይስቃል፤ ዓይኖቹ ብቻ ይቀራሉ።»

መልስ፦ አንቀጹ ለሠዓሊ የሚመች ነው። ሥዕልዎ የመታወቂያ ፎቶ የሚመስለው እንደ ዕቃ ዝርዝር እያነበቡት ስለሆነ ይመስለናል። ዕድሜው ገባ፣ ጠባቡ ዓይን ገባ፣ ኮቱ ገባ፤ ሁሉም ተሟልቶ ሰውየው ግን የለም። ጸሐፊው እያጋጨ ነው የጻፈው፤ ያረጀ ፊትና ያላረጀ እጅ፣ ትልቅ ኮትና ትንሽ ሰው፣ የሚስቅ አፍና የማይስቅ ዓይን። ሥዕሉ ከእነዚህ አንዱን አለቃ አድርጎ ሌሎቹን ከሥሩ ካላሰለፈ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። እኛ ብንሆን እጁን አለቃ እናደርገዋለን፤ «ግን» የምትለው ቃል ያለችው እዚያ ነውና።

ከመሣልዎ በፊት አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ጽሑፉ በግልጽ የተናገረውን ብቻ ያስፍሩ፦ ተቀምጧል፣ ከስድሳ በላይ ነው፣ ከሲታ ነው፣ ቀኝ ዓይኑ ጠባብ ነው፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል። እነዚህን መንካት አይቻልም። በሁለተኛው ከተጻፈው ተነስተው የሚደርሱበትን ይጻፉ፦ ዘመኑን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው ስለሆነ አንገቱ ወደ ፊት የወጣ ነው፣ አጠገቡ መብራት አለ፣ እጅጌውን ያጠፈው ሥራው እንዳይሰናከል ነው። በሦስተኛው ጽሑፉ ዝም ያለበትን፦ ጺሙን፣ ጸጉሩን፣ የኮቱን ቀለም፣ የመንጋጋውን ቅርጽ። ነጻነትዎ ያለው በዚህ ሦስተኛው ክፍል ነው። ግን ከመጠቀምዎ በፊት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ «ራሰ በራውን እያሻሸ» የሚል ሐረግ ተቀምጦ ቢገኝ የሣሉለት ጎፈሬ ሙሉ ሥራዎን ይዞት ይሄዳል። ጽሑፉ በኮምፒዩተር ከተሰጠዎት የገጸ ባሕርዩን ስም እየፈለጉ የሚጠራበትን ቦታ ሁሉ ማየት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ቀጥሎ ቅጽበቱን ይምረጡ። «ቀና አለ» አንድ ጊዜ የሆነ ድርጊት ነው። ሳቁ ግን የሰውየው ጠባይ ነው፤ በዚያች ደቂቃ እየሳቀ አይደለም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያስቸገረዎት ሁለቱን አንድ ፊት ላይ ለማስቀመጥ ስለሞከሩ ይሆናል። ለውስጥ ገጽ ከሆነ ቀና ያለበትን ይሣሉ፤ ሳቁን በታሪኩ ውስጥ በእርግጥ ለሚስቅበት ትዕይንት ያቆዩት።

አሁን ከ8 እስከ 12 ትንንሽ ስኬቾች (ፈጣን ንድፎች) ይሥሩ። እያንዳንዱ ከ4 በ6 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ከ3 ደቂቃም በላይ አይፍጅ። 6ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ ወይም ጫፉ የደነዘ ማርከር ይያዙ፤ ሹል እርሳስ ከያዙ ሳያስቡት ሽፋሽፍት መቁጠር ይጀምራሉ። እዚህ ደረጃ ላይ ዓይንና አፍንጫ አያስፈልግም። የሚፈልጉት ሰውየውን ከየት በኩል እንደምናየው፣ ምን ያህል እንደምንቀርበውና እጁ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ስኬቶች ማንም የሚያስባቸው ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ አያቁሙ። ለዚህ አንቀጽ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመን ከእሱ ዓይን ከፍ ካለ ቦታ ብናየው ይሻላል፤ ልክ እንደቆመ ደንበኛ። ከዚያ ስናይ ግንባሩ ይሰፋል፣ አገጩ ያጥራል፣ ዓይኑ ከቅንድቡ ሥር ሽቅብ ይመለከታል፣ እጆቹም ጠረጴዛው ላይ ሙሉ በሙሉ ይገለጣሉ።

የመረጡትን ስኬች ውስጡን ጥቁር ይቀቡትና ከሁለት ሜትር ርቀት ይዩት። ራስ የተቀመጠበት ጆንያ ከመሰለ ክንዶቹ ከገላው ጋር ተጣብቀዋል ማለት ነው። ክርኑን ወደ ውጭ አውጥተው በክንድና በጎን መካከል ብርሃን ያስገቡ። በጥቁሩ ቅርጽ ብቻ የወጣው አንገትና የሰፋው ኮት መለየት አለባቸው፤ እዚህ ያልታየ ነገር በኋላ በዝርዝር አይድንም።

ወደ ገላው እንለፍ። የአዋቂ ሰው ቁመት በአማካይ 7 ተኩል ራስ ነው፤ አንድ ራስ ማለት ከአናት እስከ አገጭ ያለው የጭንቅላቱ ቁመት ነው። ሲቀመጥ ከወንበሩ እስከ አናቱ ወደ 4 ራስ ይሆናል። ይህ ሰው ስለጎበጠ 3 ተኩል ይበቃዋል። አንገቱ ወደ ፊት ስለወጣ ከፊት ለፊት ሲታይ የትከሻው መስመር ከአገጩ በታች መሆኑ ቀርቶ አገጩ ወይም አፉ ትይዩ ይደርሳል። ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ፊቱን አስረጅቶ ቀጥ ባለ የወጣት አንገት ላይ ይተክለዋል።

የኮቱን ስፋት በመጨማደድ ብዛት ለማሳየት አይድከሙ። የትከሻው ስፌት ከትከሻው አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ወርዶ ክንዱ ላይ ይውደቅ፤ ኮሌታው ከአንገቱ ይራቅና በመካከሉ ጥላ ይግባ። እጥፉ ላይ ደግሞ ገበሩ ይታያል፤ ገበር ከላዩ ጨርቅ የተለየ ቀለም ስላለው ለዓይን ማረፊያ ይሆናል፣ ወደ ጣቶቹም ይመራል። ሁለት ጊዜ የታጠፈ እጅጌ ወፍራም ነው፤ በቀጭን መስመር ከሣሉት ወረቀት ይመስላል።

ለጣቶቹ መለኪያ አለ። እጅ ከአንጓ እስከ መሐል ጣት ጫፍ ሲለካ ከአገጭ እስከ ጸጉር መነሻ ያለውን የፊት ርዝመት ያህላል። «ረጃጅም» ስለተባለ ከጣቶቹ ርዝመት ላይ አንድ አሥረኛ ይጨምሩ፤ ከዚያ ካለፈ ሸረሪት ይሆናል። መዳፉን አያስረዝሙ፣ ጣቱን ብቻ። የወጣትነቱ ምልክት የሚገኘው የማይሣሉት ነገር ላይ ነው፦ ያበጠ መገጣጠሚያ፣ የወጣ ደም ሥር፣ የቆመ ጅማት እዚህ አይኑር። ፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች አጫጭርና ስብርብር ሲሆኑ እጁ ላይ ያሉት ረጃጅምና ያልተቋረጡ ይሁኑ። ልዩነቱን አንባቢ ምክንያቱን ሳያውቀው እንኳ ያየዋል።

ጠባቡን ዓይን ዝም ብሎ ማሳነስ ስህተት ነው። የሰዓት ሠሪ ማጉያ የሚያዘው በዓይን ዙሪያ ባለው ጡንቻ ተጨብጦ ነው፤ ስለዚህ ቅንድቡ ወረድ፣ ጉንጩ ከፍ ብሎ ዓይኑን ከላይና ከታች ይጫኑታል። ብሌኑ ግን ከግራው ጋር እኩል መጠን አለው፤ የሚሸፈነው ብዛቱ ብቻ ነው የሚለየው። በቀኝ ዓይኑ ጠርዝ ያሉት ሽብሽቦች በግራው ካሉት በእጥፍ ቢበዙ ታሪኩን ይናገራሉ።

መብራቱን ከታች አያምጡ። ጠረጴዛው ላይ ያለ መብራት ፊትን ከአገጭ በታች ካበራ ሰውየው ያስፈራል፤ ጽሑፉ ደግሞ ያስፈራል አላለም። የመብራቱን ራስ በጆሮ ግንዱ ከፍታ በጎን ያስቀምጡት፤ እጆቹ ከሥዕሉ ሁሉ ብሩህ ይሁኑ፣ ፊቱ በግማሽ ብርሃን ይቅር። መጀመሪያ በሦስት ድምቀት ብቻ ይሞክሩት፤ ወረቀቱ ነጭ፣ አንድ መካከለኛ ግራጫ፣ አንድ ጥቁር። በሦስት ያልሠራ ብርሃን በአሥር አይሠራም።

ለሳቁም ተራው ሲደርስ እንዲጠቅምዎ ያህል፦ ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ከልብ የሚመጣ ፈገግታ የአፍን ጠርዝ ከሚስበው ጡንቻ ሌላ በዓይን ዙሪያ ያለውንም እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቷል። ስለዚህ የአፉን ጠርዞች ያውጡ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደውን እጥፋት ያጥልቁ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ግን ሳይነፋ ቀጥ ብሎ ይተውት። ችግሩ ቀኝ ዓይኑ ሁልጊዜም የተጨበጠ መሆኑ ነው፤ በእሱ ብቻ ካዩት የሚስቅ ይመስላል። ስለዚህ የማይስቀውን ዓይን ሸክም የሚሸከመው ግራው ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ የታችኛው ቆቡ ቀጥ ያለ፣ ወደ እኛ የሚያይ አድርገው ይሥሩት፤ ፊቱንም ሲያዞሩት ግራው ዓይን ወደ እኛ ቀርቦ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ «ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ» ይላል። በግራ በኩል ሣልኩ፤ ተሳስተሃል አሉኝ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እነሱ ናቸው። ግራው የባለቤቱ ግራ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያየን ከሥዕሉ በስተቀኝ ይወጣል። ንድፉ ጠርዝ ላይ «የእሱ ግራ» ብለው ከነቀስቱ ይጻፉበት። ሌላም ወጥመድ አለ፤ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ስህተት ለማየት ሥዕሉን እንደ መስታወት ይገለብጡታል፣ ልማዱም ጥሩ ነው፤ ግን ሳይመልሱት አስቀምጠውት ይሄዳሉ። ፋይሉን ከማስረከብዎ በፊት ጠባሳውን፣ የሸሚዙን ቁልፍና የሚጽፍበትን እጅ አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ደራሲው ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ያለው «ውብ ነበረች፤ ዓይኗ የጭልፊት» ብቻ ነው። ከዚህ ምን ይወጣል? የሣልኳት ሁሉ የመጽሔት ሞዴል ትመስላለች።

መልስ፦ «ውብ» የሚለው ቃል ለሠዓሊ ባዶ ነው፤ ማን እንዳየ ሲታወቅ ግን ይሞላል። አንቀጹን የሚተርከው ማን ነው? የሚያፈቅራት ሰው ከሆነ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ እኛም ቀርበን እናያታለን። የምትቀናባት ሴት ከሆነች ያው ፊት ራቅ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ ታይቶ፣ ጠርዙ ስል ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ፊቷን ሳይነኩ ውበቷን ከተመልካቹ ርቀትና ከብርሃኑ ያገኙታል።

የመጽሔት ሞዴል የሚመጣው ሁሉንም ነገር በአማካይ ስናስተካክለው ነው። ዓይን ተመጣጣኝ፣ አፍንጫ ቀጭን፣ ከንፈር ሙሉ፤ ማንንም የማታስቀይም፣ ማንንም የማትመስል ሴት። ከመደበኛው ልክ አንድ ነገር ያዛንፉ። የአዋቂ ፊት በዓይን መስመር ላይ በስፋቱ ወደ አምስት የዓይን ስፋት ይከፈላል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀትም አንድ ዓይን ነው። ያንን ክፍተት በጥቂቱ ማስፋት፣ ወይም ቅንድቡን ከዓይኑ ማራቅ፣ ወይም የላይኛውን ከንፈር ማሳጠር ብቻውን ሰው ይፈጥራል። አንዱን እንጂ ሦስቱንም አይደለም።

ስለ ጭልፊቱ፦ ቢጫ ብሌንና የተቆለመመ አፍንጫ ከሣሉላት ንጽጽሩን ራሱን ሣሉት እንጂ እሷን አይደለም። ጭልፊት ምን ያደርጋል ብለው ይጠይቁ። ዓይኑን ብዙም አያንቀሳቅስም፤ የሚያየውን ለመከተል ጭንቅላቱን ያዞራል። እሷም በዓይኗ ጠርዝ አትይ፤ ፊቷና ዓይኗ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁኑ። የላይኛው የዓይን ቆብ ብሌኑን በጥቂቱ ብቻ ይንካ፤ ሲወርድ እንቅልፍ፣ ከብሌኑ በላይ ነጭ ሲታይ ደግሞ ድንጋጤ ይሆናል። ቀሪውን ከድርጊቷ ይውሰዱ። ገጸ ባሕርያት አንድም ቅጽል ሳይሰጣቸው በሚያደርጉት ነገር ይገለጣሉ፤ በር የምትዘጋው በትከሻዋ ከሆነ ስለ ገላዋም ስለ ጠባይዋም ተነግሮናል።

ጥያቄ፦ በውሃ ቀለም ጥቁር ቆዳ ስሠራ ወይ አመድ የመሰለ ይሆናል፣ ወይ ይጨልምና ጸጉሩ ከፊቱ አይለይም። ቀለሙን እንዴት ልቀላቅል?

መልስ፦ አመድ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ከቱቦ የወጣ ጥቁር ወይም ነጭ ቀለም ነው። ሁለቱንም ከሳህንዎ ያውጧቸው። በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማ) እና አልትራማሪን ብሉ (ጥልቅ ሰማያዊ) ሲቀላቀሉ ከሞቀ ቡናማ እስከ ጥቁር ድረስ ይሄዳሉ፤ ሲየናው ሲበዛ ይሞቃል፣ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል። በሦስት ንብርብር ይሥሩ። የመጀመሪያው ቀጭን የየሎ ኦከር (አፈር መሰል ቢጫ) እና የሲየና ድብልቅ ሲሆን ፊቱን ሁሉ ይሸፍናል፤ ብርሃን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ግን ክፍት ይተዉ፦ ግንባር፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ የጉንጭ አጥንት አናት፣ የታችኛው ከንፈር። ሁለተኛው ሲየና ከጥቂት ሰማያዊ ጋር ቅርጽ ይሰጣል። ሦስተኛው ጥላውን ብቻ ያጠልቃል። እያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ በእጅ ጀርባ ሲነካ ቀዝቃዛ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፤ እርጥብ ላይ ከደረቡ የታችኛው ይነሳና ይጨቀያል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ቢሆን ይህን ሁሉ ውሃ ብዙም ሳይጣመም ይችላል።

ብርሃኑ ነጭ አይደለም፤ የምንጩን ቀለም ይይዛል። በሰማይ ብርሃን ሰማያዊ፣ በመብራት ብርቱካናማ ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የብርሃን ነጥብ ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ጠርዙን ስል አድርጎ መተው ያምርበታል። መዳፍ፣ የጥፍር ሥርና የከንፈር ውስጥ ገላው ላይ ካለው ቀለም ፈካ ይላሉ፤ ይህ ሲረሳ እጁ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል።

ጸጉርና ፊት የማይለዩት የድምቀት ቦታ ስላልተከፋፈለ ነው። ነጭ ወረቀትን 1፣ ጥቁርን 10 ብለን ብንቆጥር የፊቱን ብርሃን 4፣ መካከለኛውን 6፣ ጥላውን 8፣ ጸጉሩን 9 ላይ ያስቀምጡ፤ በስተጀርባ ያለውንም ከ3 እስከ 4 አድርገው ያፍኩት። ሥራው በማይለበጥ ተራ ወረቀት ላይ የሚታተም ከሆነ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ስለሚሰርግ መካከለኛው ሁሉ ይጠቁራል። ስካን ካደረጉ በኋላ መካከለኛ ድምቀቶቹን ትንሽ ከፍ ያድርጉና ከማተሚያ ቤቱ በዚያው ወረቀት ላይ የሙከራ ገጽ ይጠይቁ። በኮምፒዩተር ስክሪን ብቻ አይመኑ።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት በ6፣ በ25 እና በ60 ዓመቷ ትመጣለች። አሥራ አንድ ሥዕል አለ፤ በየገጹ ሌላ ሰው ትሆንብኛለች።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ገጽ ከመጀመርዎ በፊት መመሪያ ወረቀት ይሥሩላት። የ25 ዓመቷን ይምረጡና ከፊት፣ ከሦስት ሩብ (ከፊትና ከጎን መካከል ዞራ)፣ ከጎንና ከጀርባ በአንድ መስመር ላይ በእኩል ቁመት ጎን ለጎን ያቁሟት፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት በአግድም መስመሮች ይያያዙ። ከሥሩ ስድስት የፊት ስሜቶች ይጨምሩ፤ እነሱም በታሪኩ ውስጥ በእርግጥ የሚመጡት ይሁኑ። አጠገቧም ሌላ ገጸ ባሕርይ ያቁሙ፤ ቁመት ከማነጻጸሪያ ውጭ ትርጉም የለውም።

ከዚያ በሦስቱም ዕድሜ የማይለወጡ ሦስት ነገሮች ይምረጡ። የጆሮ ቅርጽ፣ የቅንድብ ቅስት፣ የጸጉር መነሻ መስመር ጥሩ ዕጩዎች ናቸው። አፍንጫን መለያ አያድርጉት፤ የሕፃን አፍንጫ አጭርና ድልድይ የለሽ ነው፣ በእርጅና ደግሞ ይረዝማል፤ ጆሮም በእርጅና መጠኑ ይጨምራል፣ የውስጥ እጥፋቱ ግን ያው ነው።

የሚለወጠው ምጣኔ ነው። የአዋቂ ዓይን ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት እኩሌታ ላይ ይገኛል። የ6 ዓመት ልጅ ግን ፊቷ ገና ወደ ታች አላደገም፤ ዓይኗ ከእኩሌታው በታች ይውላል፣ ግንባሯ ይበዛል፣ ቁመቷም ወደ 6 ራስ ይጠጋል። ብዙ ሠዓሊ ልጅን ሲሥል አዋቂን ያሳንሳል፤ ውጤቱ ድንክ ነው። ለ60 ዓመቷ መስመር በፊቷ ከመርጨትዎ በፊት ቅርጹን ያውርዱ፦ የላይኛው የዓይን ቆብ ይጫን፣ ከንፈር ይሳሳ፣ ከአገጭ ጎን ያለው ሥጋ የመንጋጋውን መስመር ይስበረው፣ ትከሻ ወደ ፊት ይምጣ። ሽብሽብ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ያውም በጥቂቱ፣ ጡንቻ ደጋግሞ በሚያጥፍበት አቅጣጫ። ዕድሜዋን ሙሉ የተቆጣች ሴትና ዕድሜዋን ሙሉ የሳቀች ሴት በአንድ ዓይነት መስመር አያረጁም።

ልብሷንም ቢሆን በትዕይንት በትዕይንት ሠንጠረዥ ያውጡለት። ዝናብ ውስጥ ከገባች ሁለት ገጽ በኋላ ጸጉሯ ደርቆ ከታየ አንባቢ ይይዝዎታል፤ ልጆችማ ምሕረት የላቸውም።

ጥያቄ፦ የጨረስኩትን ሥዕል ደራሲው «እኔ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም» ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። ያሰበውንም አይነግረኝም።

መልስ፦ የተጨረሰ ሥዕል አሳይተውት ነው እንጂ ደራሲው ክፉ ሆኖ አይመስለንም። ሰው ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ሲያይ ነው፤ እንግዲያው ርካሹን ቀድመው ያሳዩት። መጀመሪያ ሦስት ትንንሽ ስኬች ብቻ፤ አሥር ካሳዩት የአንዱን ራስ ከሌላው እግር ጋር ቀጥልልኝ ይላል። ከዚያ የተመረጠውን በእርሳስ አጥርተው፣ ከዚያ የቀለም ሙከራ በእጅ መዳፍ መጠን፤ በሦስቱም ላይ ስምምነቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከስንት ለውጥ በኋላ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚኖር ሥራው ሳይጀመር ይስማሙ። በእርሳስ ደረጃ ሁለት ጊዜ፣ በቀለም ደረጃ አንድ ጊዜ ቢሆን ለሁለታችሁም ይበቃል።

«እንዴት ነው የምታስባት?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ጠንካራ ግን ደግሞ ለስላሳ» ነው። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። ክፍል ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የሚታየው ምኗ ነው? እጇን የት ታደርጋለች? ከጫማዋና ከጸጉሯ ለየትኛው ትጠነቀቃለች? እዚህ ክፍል ውስጥ ማንን ትፈራለች? ደራሲው ጽሑፉ ውስጥ ያልጻፈውን ነገር ሥዕሉ ላይ ከጠየቀ ደግሞ በትሕትና አንቀጹን ያሳዩት። አንባቢ የሚያነበው የተጻፈውን ነው፤ ደራሲው ቢፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይችላል፣ ብዙዎቹም ደስ ብሏቸው ይጨምራሉ።

ጥያቄ፦ በኢንክ የሠራሁት ሥዕል ታትሞ ሲመጣ ቀጫጭኑ መስመር ጠፍቷል፣ የፊቱም ግማሽ ጥራዙ ውስጥ ገብቷል።

መልስ፦ ሁለቱም ከመሣልዎ በፊት የሚፈቱ ናቸው። ኦሪጅናሉን ከመጽሐፉ ገጽ አንድ ተኩል እጥፍ አድርገው ከሠሩ ሲታተም ወደ 67 ከመቶ ይቀንሳል፤ የ0.3 ሚሊ ሜትር መስመር 0.2 ይሆናል፣ የ0.05ቱ ደግሞ ወደ 0.03 ወርዶ ይጠፋል። ታትሞ ከ0.1 በታች የሚወርድ መስመር አይጠቀሙ። ጥቅጥቅ ያለ የመስመር ጥላም ሲያንስ ይዘጋልና በመስመሮቹ መካከል ከመስመሩ ውፍረት በእጥፍ የሚበልጥ ክፍተት ይተዉ። ለማረጋገጥ ንድፉን በፎቶ ኮፒ በትክክለኛው መጠን አሳንሰው ይመልከቱት።

በጥቁር መስመር ብቻ የተሠራውን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)፣ ቀለም ያለውን በ300 ዲፒአይ ስካን ያድርጉ። ኤ5 ገጽን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሥዕል ለመቁረጫ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይፈልጋል፤ 148 በ210 የነበረው 154 በ216 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በ300 ዲፒአይም 1819 በ2551 ፒክስል ነው። ፊት፣ እጅና ታሪኩን የያዘ ነገር ሁሉ ከሚቆረጠው ጠርዝ ቢያንስ 5፣ ከጥራዙ በኩል ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ መጽሐፉ በወፈረ ቁጥር ይጨምሩበት። በሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ሥዕል ከሆነ መሐሉ ላይ ግድግዳ ወይም ሰማይ ይዋል፤ ገጸ ባሕርዩን ከሁለት አንዱ ገጽ ላይ ያስቀምጡት፣ ፊቱም ወደ መሐሉ ይመልከት።